ካልዶ ቬርዴ፤ የጎመን፣ የድንችና የቋሊማ ሾርባ በአንድ ድስት

ጎመን በሥጋ የለመደ እጅ ይህን ሾርባ የሚያበላሸው በልማዱ ነው። ጎመኑን ገና ሽንኩርቱ ሲቁላላ ይጨምረዋል፤ ክዳኑን ገጥሞ፣ እሳቱን ቀንሶ፣ እስኪበስል ይተወዋል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ክዳኑ ሲከፈት የሚጠብቀው ቡኒ የሆነ ቅጠልና ድኝ ድኝ የሚል እንፋሎት ነው። ለጎመን በሥጋ ምንም አይደል፤ ቅቤውና ቅመሙ ይሸፍኑታል። ለካልዶ ቬርዴ ግን አይሆንም። እዚህ ጎመኑ ድስት ውስጥ የሚቆየው ቢበዛ 6 ደቂቃ ሲሆን፣ በዚያች አጭር ጊዜ እንዲለሰልስ የሚያደርገው ቀድሞ የተሠራው የቢላ ሥራ ነው። ከዚህ መመሪያ አንድ ክፍል ብቻ ለማንበብ ጊዜ ያለው ሰው የአከታተፉን ያንብብ።

ስሙ በፖርቱጋልኛ «አረንጓዴ መረቅ» ማለት ነው። መነሻው የሰሜን ምዕራብ ፖርቱጋል ግዛት ሚኞ ነው፤ ዛሬ በመላ አገሪቱ ከሠርግ ቤት እስከ መንገድ ዳር ይጠጣል። በፖርቶ ከተማ ጁን 23 ሌሊት፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 16፣ የቅዱስ ዮሐንስ ዋዜማ ሲከበር ከተጠበሰ ሰርዲን ጎን የማይታጣ ምግብ ነው። በ2011 ፖርቱጋሎች 7ቱን ድንቅ ምግቦቻቸውን ሲመርጡ ይህ ሾርባ አንዱ ሆኗል። የአሠራሩ ቀላልነት ግን አያታልላችሁ፤ ጥቂት ነገር ብቻ ያለበት ምግብ አንዱ ቢበላሽ የሚደበቅበት ቦታ የለውም።

የሚያስፈልገው (ለ6 ሰው)

ድንች፣ 700 ግራም (መካከለኛ ከሆነ 5 ፍሬ ገደማ)
ቀይ ሽንኩርት፣ 1 ትልቅ
ነጭ ሽንኩርት፣ 4 ፍንካች
ጎመን፣ አገዳው ከወጣ በኋላ 250 ግራም (ሲገዛ 400 ግራም ገደማ)
ቋሊማ፣ 250 ግራም
የወይራ ዘይት፣ 5 የሾርባ ማንኪያ
ውሃ፣ 1.75 ሊትር፣ ለማቅጠኛ ደግሞ ሌላ ግማሽ ሊትር የፈላ ውሃ
ጨው
የተጨሰ ፓፕሪካ፣ 1 የሻይ ማንኪያ (ቋሊማው ጭስና ቅመም ከሌለው ብቻ)

ድስቱ 5 ሊትር የሚይዝ፣ ቂጡ ወፍራም ይሁን። በስስ ድስት ድንቹ ከሥር ይይዛል፤ ከያዘ ደግሞ የማረር ሽታው ሾርባውን ሁሉ ይወስደዋል።

ቋሊማው

የፖርቱጋሉ ሹሪሶ በፓፕሪካ፣ በነጭ ሽንኩርትና ብዙ ጊዜ በወይን ጠጅ የታሸ፣ በጭስ የደረቀ የአሳማ ሥጋ ነው። አሳማ የማይበላ ቤት፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም ቤተ እስራኤልም ይሁን፣ በበሬ ቋሊማ ይሠራዋል፤ ሾርባው ምንም አይጎድልበትም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ሥጋው የበሬ ሆኖ ሽፋኑ የአሳማ አንጀት የሆነ ቋሊማ አለ። ማሸጊያው ላይ «የበሬ» የሚለውን አይቶ መግዛት አይበቃም፤ የሽፋኑንም ዓይነት አንብቡ፤ ወይም ሐላል ወይም ኮሸር ምልክት ያለበትን ውሰዱ።

አዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ለስላሳው፣ ለሳንድዊች የሚሆነው ሶሴጅ ነው። ጭስም ቅመምም የለውም፤ እንዲሁ ከገባ ሾርባው ፍዝ ይሆናል። ከላይ የተጻፈው ፓፕሪካ የገባው ለዚህ ነው። ነጭ ሽንኩርቱንም ወደ 6 ፍንካች አሳድጉት። በገልፍ አገሮች የሚገኘው ሱጁክ ለዚህ ሾርባ የተመቸ ነው፤ ደረቅና ነጭ ሽንኩርት የበዛበት ስለሆነ ከሹሪሶ ብዙም አይርቅም። ጨዋማ በመሆኑ ግን 180 ግራም ይበቃል። እስራኤልና አውሮፓ የምትኖሩ መርጌዝ የሚባለውን የሰሜን አፍሪካ ቋሊማ በቀላሉ ታገኛላችሁ። መርጌዝ ጥሬ ነው፤ ሳይቆራረጥ ተጠብሶ፣ መሐሉ ቀይ አለመሆኑ ታይቶ ነው የሚከተፈው። ቴርሞሜትር ያለው ሰው ለበሬና ለበግ ጥሬ ቋሊማ 71 ዲግሪ፣ ለዶሮና ለተርኪ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረሱን ይመልከት።

ጎመኑና ድንቹ

ፖርቱጋሎች የሚጠቀሙበት ኮቭ ጋሌጋ የሚባለው ዓይነት ቁመቱ ሰው የሚያህል፣ ቅጠሉ ከሥር ከሥር እየተለቀመ ከላይ ማደጉን የሚቀጥል፣ በየጓሮው የሚተከል ጎመን ነው። አሜሪካ ያለ ሐበሻ ጎመን የሚሠራበት ኮላርድ የእሱ የቅርብ ዘመድ ነውና ከዚያ በላይ መፈለግ አያስፈልግም። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ሰው የሐበሻ ጎመን ይጠቀም፤ ዘሩ ጎመንዘር የሚባለው ማለት ነው። ዝርያው ከኮላርድ የተለየ ነው፤ ቅጠሉ ሳሳ፣ ጣዕሙ ትንሽ ሰናፍጭ ሰናፍጭ ይላል፤ ቶሎም ይበስላል። ቆስጣም ይሆናል፣ ግን 2 ደቂቃ ካለፈው ይሟሽሻል፤ ነጩ አገዳው ጨርሶ አይገባም። ጥቅል ጎመን አይሆንም። ይጣፍጣል፤ ግን ሾርባውን ስሙን ያሳጣዋል።

ድንቹ ሲበስል የሚፈረፍር ዱቄታማ ዓይነት ይሁን፤ ሾርባው ክሬም የለውም፣ ዱቄት የለውም፣ የሚያወፍረው ድንቹ ብቻ ነው። አሜሪካ ረሰት የሚባለውን ውሰዱ። ገበያ ላይ ስም የሌለው ድንች የገዛ ሰው በጨው ውሃ ሊለየው ይችላል፦ 1 እጅ ጨው በ11 እጅ ውሃ በጥብጣችሁ አንድ ድንች ጣሉበት። ዱቄታማው ከባድ ስለሆነ ይሰምጣል፤ የማይፈረፍረው ይንሳፈፋል። (ድንች ራሱ ለአውሮፓም ለእኛም እንግዳ ነው። ከደቡብ አሜሪካ ተነስቶ አውሮፓ የገባው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ያስገባው ደግሞ ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር በ1858 እ.ኤ.አ. እንደሆነ ይነገራል።)

አከታተፍ

ቅጠሉን አንድ በአንድ በሚፈስ ውሃ እጠቡ፤ አፈሩ የሚቀረው በጀርባው፣ አገዳው ከቅጠሉ በሚገናኝበት ነው። ከዚያ በንጹሕ ፎጣ አድርቁት። እርጥብ ቅጠል ከቢላ ሥር ይሾልካል፤ ጣት የሚቆረጠውም ያኔ ነው።

ቅጠሉን በጀርባው አጋድሙት። መሐል አገዳውን በግራና በቀኝ በቢላ ጫፍ ተከትላችሁ አውጡት፤ የሳሳ ጫፉ ቢቀር ችግር የለም። የወጣውን አገዳ አትጣሉት፣ ለነገ ወጥ ይሆናል፤ እዚህ ግን ቅጠሉ በሚበስልበት ጊዜ አይበስልም።

አሁን 5 ወይም 6 ቅጠል፣ ትልቁን ከታች አድርጋችሁ፣ ደርቡ። ጥቅልል እንጀራ እንደሚጠቀለል፣ ግን ከዚያ እጅግ ጠበቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉት፤ ጥቅሉ እንደ አውራ ጣት ወፍሮ ጠንካራ መሆን አለበት። በግራ እጅ ጨብጡት፣ የጣቶቻችሁን ጫፍ ወደ ውስጥ እጠፉ፣ የቢላው ጎን አንጓችሁን እየታከከ ይውረድ። ቢላውን ከመክተፊያው ሙሉ በሙሉ አታንሱት፤ ጫፉ እንደተቀመጠ እጀታው ብቻ ከፍ ዝቅ ይበል። የእያንዳንዱ ክትፍ ውፍረት ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ነው። ለመለካት አትቸገሩ፤ አንድ ክር አንስታችሁ መብራት ላይ ስትይዙት ብርሃን ካሳለፈ ልክ ነው። ሲከተፍ የተጠቀለለ ስለሚሆን በእጃችሁ አንስታችሁ አበታትኑት፤ በደንብ የተከተፈ ጎመን ወደ መክተፊያው ሲመለስ ተቆልሎ ይቆማል እንጂ አይዘረርም።

ደንዝ ቢላ ይህን አይሠራም። ቅጠሉን ስለሚጨፈልቀው መክተፊያው ላይ አረንጓዴ ውሃ ትታያለች፤ ያቺ ውሃ ከድስቱ የቀረች ጣዕም ናት። ለ250 ግራም ጎመን ልምድ የሌለው እጅ 15 ደቂቃ ይፈጅበታል። የፖርቱጋል ገበያ ላይ ሻጮቹ ለዚሁ ብቻ የተሠራች፣ በእጅ የምትሽከረከር መክተፊያ ማሽን አላቸው፤ ጎመኑንም ከትፈው በላስቲክ ይሸጣሉ። የምግብ መፍጫ ማሽን ግን ቅጠሉን ክር ሳይሆን ድቃቂ ያደርገዋልና ተዉት።

ድስቱ እሳት ላይ

ቋሊማውን እንደ ሳንቲም ግማሽ ሴንቲሜትር ውፍረት ሰጥታችሁ ቁረጡ። ድስቱ ገና ቀዝቃዛ ሳለ 1 ማንኪያ የወይራ ዘይትና ቋሊማውን አንድ ላይ አስገቡ፤ ከመካከለኛ ዝቅ ባለ እሳት ላይ 6 ደቂቃ ያህል። ከቀዝቃዛ የተነሳ ቋሊማ ስቡን ቀስ ብሎ ይለቃል፤ የጋለ ዘይት ውስጥ የገባው ግን ውጪው ጠቁሮ ስቡ ውስጡ ይቀራል። ጠርዙ ሲታጠፍና ዘይቱ ቀይ ሲሆን ቋሊማውን በሳህን አውጡ። ድስቱ ውስጥ 2 የሾርባ ማንኪያ ያህል ስብ ይቅር፤ ከበለጠ ቀንሱ፣ ካነሰ ዘይት ጨምሩ።

በሚኞ ብዙ ቤቶች እንዲህ አይጠበስም። ሙሉውን ቋሊማ ከድንቹ ጋር ቀቅለው፣ አውጥተው ቆርጠው፣ ሲቀርብ ለአንድ ጎድጓዳ ሳህን አንድ ወይም ሁለት ቁራጭ ይጥሉበታል። ሾርባው ነጣ ያለና ለስላሳ ይሆናል። ሹሪሶ ያገኘ ሰው እንደነሱ ቢያደርግ ደግ ነው። ቅመም ለሌለው ሶሴጅ ግን መጥበሱ ይሻላል፤ ጣዕም የሚያገኘው ከእሳቱ ነውና።

በዚያው ስብ ላይ በደቃቁ የተከተፈውን ቀይ ሽንኩርት 8 ደቂቃ አቁላሉ። ለወጥ እንደምታደርጉት አይቅላ፤ ሲለሰልስና ሲያንጸባርቅ ይበቃዋል። የድስቱን ሥር በማማሰያ እየፋቃችሁ የቋሊማውን ቅሬት አንሱ። ነጭ ሽንኩርቱን ጨምራችሁ 1 ደቂቃ። ፓፕሪካ የምትጨምሩ ከሆነ አሁን ነው፤ ከ15 ሰከንድ በላይ ሳታቆዩ ውሃውን አከታትሉበት። ፓፕሪካ ስኳር ስላለው ቶሎ ያርና ይመራል።

በ2 ሴንቲሜትር የተቆረጠውን ድንች፣ 1.75 ሊትር ውሃና 1 የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። ለጊዜው ከዚህ በላይ ጨው አይገባም፤ ቋሊማው ገና የራሱን ይዞ ይመለሳል። ሲፈላ እሳቱን ቀንሱና በከፊል ከድናችሁ ተዉት። ባሕር ጠለል አካባቢ ለሚኖር 20 ደቂቃ ይበቃል። አዲስ አበባ ላይ ግን ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነውና 30 ወይም 35 ደቂቃ ቢወስድ አትደነቁ፤ እሳቱን ማብዛት ውሃውን ያተናል እንጂ ድንቹን አያፈጥንም። ድንቹ መድረሱ የሚታወቀው በቢላ ጫፍ ሲወጋ ሳይያዝ ተንሸራቶ ሲወድቅ ነው። ትንሽ ጥሬነት ከቀረበት ሲፈጭ ጥራጥሬ ይሆናል፤ ከጎመኑ ጋር አብሮ ይበስላል ብላችሁ አትለፉት።

አፈጫጩ

ድስቱን ከእሳት አውርዱ። በእጅ መጨፍለቂያ ከፈጫችሁት ትንንሽ ጉርድ ይቀርበታል፤ ይህ የገጠሩ መልክ ነው፣ ይወደዳል። ድስት ውስጥ በሚገባው ብሌንደር ከሆነ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ፣ ቆም እያደረጋችሁ። ከዚያ አትለፉ። የበሰለ ድንች ስታርች ውሃ ጠጥቶ ያበጠ ነው፤ ምላጩ በፈጠነና በቆየ ቁጥር ሕዋሱ ይፈነዳና ስታርቹ ወጥቶ ሾርባውን እንደ ሙጫ የሚለጠጥ ያደርገዋል። አንዴ ሙጫ ከሆነ አይመለስም። በጠረጴዛ ብሌንደር የምትፈጩ ከግማሽ በላይ አትሙሉት፣ ክዳኑን በፎጣ ያዙት፤ ትኩስ እንፋሎት ክዳን ያስፈነጥራል።

ውፍረቱ ከአጥሚት ቀጠን ይበል። ጭልፋውን ነክራችሁ ስታወጡ ጀርባውን በስሱ ይሸፍነዋል፣ ጣት ሲያልፍበት መስመሩ ለአፍታ ይታያል። ከወፈረ የተዘጋጀውን የፈላ ውሃ በጭልፋ ጨምሩበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ወፈር ይበል» ብሎ ይተወዋል፤ ጎመኑ ገብቶ፣ ሳህን ላይ 5 ደቂቃ ቀዝቅዞ፣ ገንፎ ይሆናል።

ጎመኑ ይግባ

ይህ ሥራ ሁሉም ሰው ገበታ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ሾርባውን በኃይል አፍሉት፤ ወፍራም ስለሆነ ይፈናጠራል፣ እጃችሁን ጠብቁ። ጎመኑን በእፍኝ እፍኝ እየበተናችሁ ጨምሩ፤ አንድ ጊዜ ከተገለበጠ ሾርባው ይቀዘቅዛል፣ ጎመኑም ተጣብቆ ይቋጠራል። ክዳኑን አትክደኑ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ቅጠል ሲፈላ ከውስጡ አሲድ ይለቃል፤ ከፊሉ ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣል። ድስቱ ከተከደነ ያ እንፋሎት ክዳኑ ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ይንጠባጠባል። አሲድና ሙቀት ሲደራረቡ ክሎሮፊሉ፣ ማለትም ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገው ንጥረ ነገር፣ ማግኒዥየሙን ያጣል፤ ደማቁ አረንጓዴ ወደ ደረቅ ቅጠል ቀለም ይሄዳል። ጊዜው በረዘመ መጠን ደግሞ የድኙ ሽታ ይበረታል። ሎሚም ሆነ አቼቶ ድስት ውስጥ የማይገባው በዚህ ምክንያት ነው፤ የፈለገ ሳህኑ ላይ ይጨምቅ። ቀለሙን ለማቆየት ቤኪንግ ሶዳ የሚጨምሩ አሉ፤ አረንጓዴነቱ ይቀራል፣ ቅጠሉ ግን ይላሽቃል፣ ሳሙና ሳሙናም ይላል።

ኮላርድ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ፣ የሐበሻ ጎመን ከ3 እስከ 4፣ ቆስጣ 2። ከ3ኛው ደቂቃ ጀምሮ በየደቂቃው አንድ ክር አውጥታችሁ ቅመሱ። ጥርስ ሲነክሰው ትንሽ ይታገል፣ ግን እንደ ሣር ሊታኘክ አይገባም። ቋሊማውን ከነለቀቀው ስብ መልሱት፣ እሳቱን አጥፉ፣ 2 ማንኪያ የወይራ ዘይት አዋሕዱ፤ አሁን ጨው ቅመሱና አስተካክሉ። የቀረው ዘይት በየሳህኑ ላይ በስሱ ይንጠብ።

ከጎኑ የሚቀርበው ብሮዋ የሚባል፣ በበቆሎና ራይ በሚባል እህል ወይም በስንዴ ዱቄት የሚጋገር ጥቅጥቅ ያለ ዳቦ ነው። ያለ ስኳር የተጋገረ የበቆሎ ዳቦ ወይም ቂጣ ቦታውን ይይዛል፤ ጣፋጩ የአሜሪካ የበቆሎ ዳቦ ግን ከቋሊማው ጋር ይጣላል። ሚጥሚጣ ለወደደ ሰው ሳህኑ ላይ ቆንጠር ቢያደርግ ያምርበታል። በርበሬ ድስቱ ውስጥ ከገባ ግን ሌላ ምግብ ሠርታችኋል።

ሲበላሽ

ጨው በዛ። ጥሬ ድንች ጣሉበት የሚለው ምክር አይሠራም፤ ድንቹ ጨዋማውን ውሃ እንዳለ ይጠጣል እንጂ ጨውን ለይቶ አይስብም። የሚሠራው ማብዛት ነው፦ ያለ ጨው የተቀቀለና የተፈጨ ድንች ከውሃው ጋር መቀላቀል።

ስቡ ላይ ላዩን ኩሬ ሠራ። ቋሊማው ስባም ነበር፣ ሲወጣም ስቡ አልተቀነሰም። ጎመኑ ከመግባቱ በፊት ከሆነ በማንኪያ ግፈፉት። ከገባ በኋላ ግን ክሩ አብሮ ይወጣል፣ አይመችም።

ጎመኑ ጠነከረ። ወይ ወፍሮ ተከትፏል፣ ወይ ቅጠሉ ያረጀ ነው። ወፍሮ የተከተፈውን 5 ደቂቃ መጨመር ያድነዋል፤ ቀለሙን ግን ተሰናበቱት።

ሾርባው ቀጠነ። ውሃ የሚተንበት ጊዜ ከመስጠት ይልቅ ሁለት ጭልፋ ድንች ያለበትን ቀድሞ አስቀምጦ በሹካ ፈጭቶ መመለስ ይሻላል፤ ቀደም ብላችሁ ካላስቀመጣችሁ አንድ ድንች ለብቻው ቀቅሉ።

ለእንግዳና ለነገ

እንግዳ የሚጠብቅ ሰው የድንቹን ሾርባ ከትናንት ሠርቶ ማደር ይችላል። ጎመኑን ከትፎ፣ ደረቅ ሶፍት ባለበት ላስቲክ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጥ፤ እንግዳው ሲገባ ሾርባውን አፍልቶ 6 ደቂቃ ብቻ ነው የቀረው።

የተረፈው ሾርባ በ2 ሰዓት ውስጥ ወደ ፍሪጅ ይግባ፤ ከነድስቱ ሳይሆን ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ጠለቅ ባላለ ሰፊ ዕቃ ተከፋፍሎ። ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል፤ አረንጓዴው በማግስቱ ይደበዝዛል፣ ጣዕሙ ግን አይከፋም። ፍሪዘር የሚገባው ጎመን የሌለው ብቻ ነው። ሲቀልጥ ውሃና ድንቹ ተለያይቶ አሸዋ አሸዋ ይላል፤ እያሞቃችሁ በሹካ ብትመቱት ይያያዛል።

በጾም ቀን ቋሊማውን ተዉት፣ ሽንኩርቱን በ3 ማንኪያ የወይራ ዘይት አቁላሉ። ጭሱ እንዳይጎድል ሌላ 2 ማንኪያ ዘይት በትንሽ መጥበሻ አሙቁና ከእሳት አውርዱት፤ 1 የሻይ ማንኪያ የተጨሰ ፓፕሪካና አንድ የተደቀቀ ነጭ ሽንኩርት ጨምራችሁ 10 ሰከንድ አማስሉ። ሳህን ላይ የሚንጠበው ይህ ቀይ ዘይት ነው።